ኢ-መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል፦ ፒዲኤፍ፣ ኢፐብ እና ኪንድል

በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጊንጪ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያነብ ሰው ስልኩ ላይ ሁለት ፊደል ይዞ ይዞራል፤ አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ አማርኛ በግዕዝ። ቁቤ ላቲን በመሆኑ በየትኛውም መሣሪያ ላይ ይነበባል። የግዕዝ ፎንት የሌለው መሣሪያ ግን አማርኛውን የባዶ ሳጥን ሰልፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ለአማርኛ መጽሐፍ ፎርማት ሲመረጥ ቀዳሚው ጥያቄ ፎንቱ ከፋይሉ ጋር አብሮ መሄድ አለመሄዱ ነው።

አዶቤ እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጣው ፒዲኤፍ ገጹን እንደተሰናዳ ያቆያል፤ ፎንቱንም በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ችግሩ መጠኑ ነው። ለኤ4 ወረቀት የተዘጋጀ ገጽ 6 ኢንች ስክሪን ውስጥ ሲጨመቅ «ሊ»ን ከ«ሌ» የሚለየው የእግር ጫፍ ይደበዝዛል፤ «ሸ»ም አናቱ ላይ ያለችው ሰረዝ ጠፍታ «ሰ» ይመስላል። ገጹን በጣት ለጥጦ እያንዳንዱን መስመር ግራና ቀኝ እየጎተቱ ረጅም ልብ ወለድ መጨረስ አድካሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደረጃ ሆኖ የጸደቀው ኢፐብ እንደ ድረ ገጽ የተሰናዳ ጽሑፍ የያዘ ዚፕ ፋይል ነው። አንባቢው ፊደሉን ሲያተልቅ መስመሩ ራሱን ከስክሪኑ ስፋት ጋር ያስተካክላል፤ አሳታሚውም እንደ አቢሲኒካ ያለ ነጻ ፎንት አብሮ ሊያሽግበት ይችላል። ጽሑፉ ግን በዩኒኮድ መተየብ አለበት። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በቀደሙት ፎንቶች የተተየበ መጽሐፍ ሳይለወጥ ወደ ኢፐብ ቢዞር የተዘበራረቀ ምልክት ይሆናል።

ፎንቱ አብሮት ላልታሸገ መጽሐፍ ደግሞ የአማዞን የንባብ መሣሪያ ኪንድል እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አንባቢው የራሱን ፎንት እንዲጭን ፈቅዷል።

ጽሑፍን ማስዋብ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዘመም ያለ ፊደል ከላቲን የመጣ ልማድ ነው፤ የብራና ጸሐፊዎች የቅዱሳንን ስም የሚለዩት በቀይ ቀለም ነበር። ጥቁርና ነጭ ስክሪን ቀዩን ወደ ግራጫ ስለሚለውጠው ደማቅ ፊደል የተሻለ ምትክ ነው። ከአራት ነጥብ በፊት ክፍት ቦታ የመተው ልማድም እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ መስመሩ ሲታጠፍ «።» ብቻዋን ቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ላይ ትቀመጣለች።

ፎርማቶቹ ከሁሉ በላይ የሚፈተኑት በግጥም ነው። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለዱት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «የጸጋዬ ቤት» በተባለው ስልታቸው 16 ቀለም የሚዘልቅ ስንኝ ይጽፉ ነበር። ፒዲኤፍ ስንኙን ሳይሰብር፣ ግን አሳንሶ ያሳያል። በግድየለሽነት የተሠራ ኢፐብ ደግሞ አንዱን ስንኝ ሁለት አስመስሎ ይቆርጠዋል። አሰናጁ የተረፈው ሐረግ ገባ ብሎ እንዲጀምር ካዘዘ ግን አንባቢው ስንኙ የት እንደሚያልቅ ያያል።