ነጋዴ ያወጣው ሳንቲም
በ1861 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ሕዝቡ ወርቁንና ብሩን ሸሸገ፤ በ1862 ሳንቲም እንኳ ከገበያ ጠፋ። የመልስ ገንዘብ የፖስታ ቴምብር ሆነ፤ እርሱም ላብ በነካው እጅ ላይ ይጣበቅ ነበር።

ስለዚህ ነጋዴዎች ስማቸውን በመዳብ ላይ አስቀርጸው እንደ ሳንቲም አወጡ። በአንዳንዱ ላይ «አንድ ሳንቲም» የሚለው በጉልህ፣ «አይደለም» የሚለው ግን በደቃቅ ፊደል ይታያል፤ ብልኀት ነው! የማሠሪያው ዋጋ ከአንድ ሳንቲም ስለሚያንስ ትርፍም ነበረበት።

ሊንደንሙለር የተባለ የኒውዮርክ ቢራ ቤት ባለቤት ከአንድ ሚሊዮን በላይ አወጣ። በፈረስ የሚሳብ የከተማ ባቡር ኩባንያ ከተሳፋሪዎች የሰበሰበውን እንዲለውጥለት ቢጠይቀው እንቢ አለ ይባላል። ኩባንያውስ ኪሳራውን ይችላል፤ ከቀን ሥራው ዐሥሩን የያዘ ድኻ ግን ለማን ይጮኻል?

መንግሥት በ1864 የግል ሳንቲም ማውጣትን በሕግ ከለከለ። በዚያው ዓመት ራሱም የነጋዴዎቹን የሚመስል ቀለል ያለ የነሐስ ሳንቲም አወጣ።