አሸዋን ያሸነፈው አየር ነው፦ የጂፕ ጎማ ታሪክ

(የፖድካስቱ ክፍል በጽሑፍ)

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ጎማ ነው። አዎ፣ ስለ ጎማ! በአራቱም እግሩ የሚጎትተው መኪና፣ እዚህ «አርባ አል አርባ» የምንለው፣ ከሥሩ ስለሚያደርገው ጥቁር ነገር።

ለምን ጎማ? ከመካከላችን ብዙዎች ከሠራዊት ወጥተው ትንሽ ገንዘብ ሲያጠራቅሙ የሚያልሙት ያገለገለ ጂፕ ገዝቶ ወደ ኔጌቭ መውረድ ነው። መኪናው በተገዛ ማግስት ደግሞ ቀሪው ገንዘብ የሚሄደው ወደ ጎማ ነው። ትልቅ፣ ጥርሱ ያገጠጠ፣ ገና ሲያዩት የሚያስፈራ ጎማ። አራት ጎማ ለተማሪ ኪስ ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ከዋናው መንገድ ርቆ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ሰው ጥያቄው የገንዘብ ብቻ አይሆንበትም፤ የውኃና የሕይወት ነው። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ ብዬ ተነሣሁ፦ በረሃን በመኪና ቀድመው ያቋረጡት ሰዎች ምን ነበራቸው? መልሱ ብዙዎቻችሁን የሚገርም ይመስለኛል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ከሥሩ እንጀምር። ላስቲክ ድሮ ብዙም የሚያገለግል ነገር አልነበረም፤ በሙቀት ይጣበቃል፣ በብርድ ይሰነጠቃል። በ1839 አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር ላስቲክን ከድኝ ጋር አሙቆ ጠንካራም ተለማጭም እንዲሆን አደረገው። በ1845 ሮበርት ዊልያም ቶምሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በአየር የሚሞላ ጎማ ፈጥሮ መብቱን አስመዘገበ። ግን ያኔ መኪና የለ፣ ነገሩ ተረሳ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ በ1887 ቤልፋስት ከተማ የሚኖር ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ የእንስሳት ሐኪም ለልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት የአየር ጎማ ሠራለት። በማግስቱ ዓመት መብቱን አስመዘገበ፤ በኋላ ቶምሰን እንደቀደመው ሲታወቅ ግን መብቱ ተሰረዘበት። በ1895 ደግሞ የሚሽላን ወንድማማቾች ከፓሪስ ቦርዶ ደርሶ መልስ በተደረገው ውድድር መኪናን በአየር ጎማ ነዱ። ጎማው በየመንገዱ እየተነፈሰ አስቸገራቸው፣ ሆኖም ጉዞውን ጨረሱ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መኪናውን የሚሸከመው በዋናነት ላስቲኩ አይደለም፣ ውስጡ ያለው አየር ነው። ላስቲኩ የአየሩ ልብስ ነው። ይህን ከያዛችሁ የቀረው ሁሉ ይቀላል።

እስቲ አሁን ወደ ቤታችን ቋንቋ ልውሰዳችሁ። አባቴ ስለ መኪና ሲያወራ «ጎማ» ይላል፣ «ቸርኬ» ይላል፣ «ክሪክ» ይላል፣ «ከመነዳሪ» ይላል፣ ጎማ የሚጠግነውን ደግሞ «ጎሚስታ» ይለዋል። አምስቱም ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ከመነዳሪ ለምሳሌ «ካሜራ ዳሪያ» ከሚለው ነው፤ የአየር ክፍል ማለት ነው። ጣሊያን በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር ከመድፉና ከአውሮፕላኑ ጋር ብዙ የጭነት መኪና ይዞ ገባ። መኪናው እንዲያልፍም መንገድ ቆረጠ፤ ከጎንደር ወደ ሰሜን በሊማሊሞ ገደል ላይ የሚጠማዘዘው መንገድ የዚያ ዘመን ሥራ ነው። በኅዳር 1941 የመጨረሻው ትልቅ የጣሊያን ምሽግ ጎንደር ላይ ወደቀ። ወታደሩ ሄደ፣ ቃሉ ግን ጎማ ቤት ውስጥ ቀረ። ያረጀው ጎማም ቢሆን አልተጣለም፤ ተቆርጦ በረባሶ ሆኖ የገበሬው እግር ላይ ዋለ። እኛ እዚህ መጥተን ጎሚስታውን «ፓንቸርያ» አልነው፣ ከመነዳሪውን ደግሞ «ፕኒሚት»። ፕኒሚያ አላልኩም! እሱ ለብቻው አንድ ክፍል ይፈልጋል።

ጎንደር ላይ የተሸነፈው የጣሊያን ጦር በሊቢያም ነበር፤ የዛሬው ዋና ታሪካችን ያለው እዚያው በረሃ ውስጥ ነው።

ራልፍ ባግኖልድ የእንግሊዝ መኮንን ነበር። በ1920ዎቹ ግብፅ ተመድቦ ሳለ በእረፍቱ ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር በፎርድ መኪና መጀመሪያ ሲናን፣ ከዚያም የሊቢያን በረሃ ይዞር ጀመር። የዚያን በረሃ ትልልቅ የአሸዋ ተራሮች መኪና ይደፍራቸዋል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነበር። ፎርዶቹ ሞዴል ቲ፣ በኋላም ሞዴል ኤ ናቸው፤ የሚጎትቱት በኋላ እግራቸው ብቻ ነው። ታዲያ እንዴት አለፉ?

አንደኛ፣ የጎማውን አየር ቀነሱ። ሙሉ አየር ያለው ጎማ ለስላሳ አሸዋ ላይ እንደ ቢላ ይቆርጣል። አየሩ ሲቀንስ ሆዱ ይለጠጣል፣ መሬት የሚነካው አሻራ ይረዝማል፣ ያው ክብደት ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ይከፋፈላል። የግመልን እግር አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል፤ ሲረግጥ ይሰፋል እንጂ አይወጋም። ሁለተኛ፣ ከጎማው ሥር የሚነጠፍ የብረት መረማመጃ ያዙ። ዛሬ ጂፕ ጣሪያ ላይ ታስሮ የምታዩት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ የዚያ ልጅ ነው። ሦስተኛ፣ አሸዋውን ማንበብ ተማሩ፤ የትኛው በነፋስ የተጠቀጠቀ፣ የትኛው ልል እንደሆነ በዓይን መለየት። ባግኖልድ ይህን ትምህርት ወደ ሳይንስ አሳድጎ በ1941 ስለ አሸዋና ስለ ነፋስ መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ ማርስ ላይ በስሙ የሚጠሩ የአሸዋ ክምሮች አሉ።

በሰኔ 1940 ጣሊያን ወደ ጦርነቱ ስትገባ ባግኖልድ ለጄኔራል ዌቨል ሐሳብ አቀረበ፤ በረሃውን ዞሮ ከጠላት ጀርባ የሚወጣ ትንሽ ጦር። ተፈቀደለት። «የረጅም ርቀት የበረሃ ቡድን» የተባለው ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ፈቃደኞች አብዛኞቹ ከኒውዚላንድ የመጡ ነበሩ። ለሳምንታት የሚበቃ ውኃ፣ ምግብና ቤንዚን ራሳቸው ተሸክመው ነው የሚሄዱት። አሸዋ ውስጥ ከቀሩ የሚጎትታቸው የለም።

አሁን ልብ በሉ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት መኪና አንድ ቶን ተኩል የሚጭን ሸቭሮሌት ነበር፤ የኋላ እግሩ ብቻ የሚጎትት። በ1941 በአራቱም የሚጎትት ፎርድ ተሰጣቸው። ፎርዱ ግን ከባድ ነው፣ ቤንዚን ይጠጣል፤ በረሃ ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ትርፍ ሊትር ቤንዚን ውኃ ወይም ዳቦ ሊጫንበት የሚችል ቦታ ይወስዳል። በ1942 ወደ ሸቭሮሌት ተመለሱ፤ እንደገና በኋላ እግሩ ብቻ የሚጎትት፣ ግን 10.50 በ16 የተባለ ሰፊ የአሸዋ ጎማ ያለው። በበረሃ ጦርነት ስማቸው ከገነነው ሰዎች እነዚህ አራቱም ጎታች ያለውን ሞክረው፣ ሰፊ ጎማና ትንሽ አየር ይሻለናል አሉ።

ይህ ማለት አርባ አል አርባ አይጠቅምም ማለት አይደለም። ሞተሩ ጎማውን ያዞራል፤ መሬቱን የሚይዘው ግን ጎማው ነው ማለት ነው። የአሜሪካ ጦርም ይህን ገብቶት በየብስም በውኃም የሚሄደውን ዳክ የተባለ የጭነት መኪና ሲሠራ፣ ሾፌሩ ከወንበሩ ሳይነሣ የጎማውን አየር የሚቀንስበትና የሚሞላበት መሣሪያ ገጠመለት። ከባሕር ወጥቶ አሸዋ ሲረግጥ ይቀንሳል፣ ጥርጊያ ላይ ሲወጣ ይሞላል። በ1946 ደግሞ ሚሽላን የራዲያል ጎማን መብት አስመዘገበ፤ ጎኑ የሚተጣጠፍ፣ መሬት የሚነካው ፊቱ ግን የማይጣመም። ዛሬ በየጂፑ ያለው ይህ ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ይዘን ወደ ጎማ ቤቱ እንግባ። ሻጩ ሦስት ዓይነት ያሳያችኋል። ኤች ቲ የአስፋልት ነው፤ ጸጥ ያለ፣ ጥርሱ ቅርብ ለቅርብ። ኤም ቲ የጭቃ ነው፤ ጥርሱ ትልቅና የተራራቀ፣ አስፋልት ላይ የሚጮህ፣ እርጥብ መንገድ ላይ አያያዙ የሚቀንስ። ኤ ቲ መካከለኛው ነው። ያ የሚያስፈራው ኤም ቲ ለጭቃና ለድንጋይ ጎበዝ ነው፤ ለስላሳ አሸዋ ላይ ግን ነዳጅ ከረገጣችሁበት እንደ አካፋ ይቆፍራል። ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ያምራል?» ሳይሆን «ከመቶ ኪሎሜትር ስንቱን የት ነው የምነዳው?» ነው። ሳምንቱን ሙሉ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት የሚሄድ፣ በወር አንዴ ኔጌቭ የሚወርድ ሰው ኤ ቲ ይበቃዋል። የሚሄደው ድንጋያማ ወንዝ ውስጥ ከሆነ ደግሞ ጎኑ የጠነከረውን ይጠይቅ፤ ስለታም ድንጋይ የሚቀደው ጎኑን ነው።

ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 265/65 አር 17 ካለ፣ ስፋቱ 265 ሚሊሜትር፣ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 ከመቶ፣ አር ራዲያል፣ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች። ከመኪናው ሪሽዮን ጋር አስተያዩት፣ ቴስት ላይ እንዳትቸገሩ። የምርቱ ቀን በአራት ቁጥር ተጽፏል፤ 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። «አዲስ» የተባለ ጎማ መደርደሪያ ላይ አርጅቶ ሊሆን ይችላል። አራቱም ደግሞ እኩል ይሁኑ። በአራቱም የሚጎትት መኪና ላይ አንዱ ጎማ ትልቅ፣ አንዱ የተበላ ከሆነ እኩል ስለማይዞሩ ጊርቦክሱና ዲፈረንሻሉ ይጎዳል።

ቀጥሎ ባላንስ። ጎማና ቸርኬ በክብደት ፍጹም ክብ ሆነው አይመጡም፤ አንድ ቦታ ይከብዳል። የጥንቱ መኪና ቀርፋፋ ስለነበር ማንም አልተጨነቀም፤ ፍጥነት ሲጨምር ነው ነገሩ የመጣው። ቸርኬው ጠርዝ ላይ 50 ግራም ብቻ ቢያዳላ፣ በ100 ኪሎሜትር ፍጥነት ወደ 5 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል በእያንዳንዱ ዙር ይደበድባል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። መሪው የሚንቀጠቀጠው፣ ኩሽኔታ የሚበላው በዚህ ነው። የባላንስ ማሽኑ ጎማውን አዙሮ የት ስንት ግራም እንደሚጎድል ይነግራል፣ ባለሙያው ትንሽ ክብደት ይለጥፋል። ድሮ ክብደቱ እርሳስ ነበር፤ መርዛማ ስለሆነ አውሮፓ ከ2005 ጀምሮ ከልክላ ዚንክና ብረት ተተካ።

የጂፕ ጎማ ትልቅና ከባድ ስለሆነ ባላንሱ ይበልጥ ያስቸግራል። ጎማው ላይ ቢጫ ነጥብ ካለ ቀላሉ ቦታ እሱ ነው፤ አየር ከሚሞላበት ቀዳዳ አጠገብ እንዲገጠም ጠይቁ። የሚለጠፈውን ክብደት ድንጋይ እንዳይገፈው ወደ ውስጥ ያስገቡት። ከክረምት ጉዞ በኋላ ደግሞ መሪው ካንቀጠቀጠ፣ ባላንስ ከመክፈላችሁ በፊት ቸርኬውን ከውስጥ እጠቡ። የኔጌቭ ጭቃ እዚያ ተጣብቆ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ነው፤ 200 ግራም ጭቃ በዚያው ፍጥነት ከ20 ኪሎ በላይ ይመታል።

በመጨረሻ አየሩ። አስፋልት ላይ በሾፌሩ በር የተለጠፈው ልክ ይከበር። ለስላሳ አሸዋ ላይ ብዙ ሰው ወደ 15 እስከ 18 ፒ ኤስ አይ ይወርዳል፤ ያኔ ቀስ ብሎ መንዳት፣ መሪን በኃይል አለመጠምዘዝ ግድ ነው፣ አለዚያ ጎማው ከቸርኬው ይወጣል። አስፋልት ከመንካታችሁ በፊት መልሳችሁ ሙሉት፤ የተነፈሰ ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይግልና ይፈነዳል። ስለዚህ መለኪያና ትንሽ ኮምፕሬሰር ሳትይዙ አየር አትቀንሱ። የሁለቱ ዋጋ ከአንድ ኤም ቲ ጎማ ያነሰ ነው፣ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላሉ ወላጆቻችን። የባግኖልድ ሰዎች ካይሮ ላይ ሳሉ ነበር የታጠቁት። እናንተም ዓርብ ጠዋት ከቤት ሳትወጡ አራቱንም ጎማ፣ አምስተኛውን ስኮርታም ጭምር፣ ለክታችሁ ውጡ። በደህና ሂዱ፣ በደህና ተመለሱ። በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ።