ወይጦ፦ የሕዝብ ስም ወይስ የሙያ?

በጣና ሐይቅ ዳር፣ በባሕር ዳርና በአካባቢዋ፣ ከደንገል ታንኳ የሚሠራ፣ የወፍጮ ድንጋይ የሚጠርብ፣ ቀድሞም ጉማሬ በማደን የታወቀ ሕዝብ ይኖራል። ጎረቤቶቹ «ወይጦ» ይሉታል። ሃይማኖቱ እስልምና፣ አፉን የሚፈታበት ቋንቋ አማርኛ ነው። ከአማርኛ በፊትስ በምን ይናገር ነበር? የሚጠራበትስ ስም የማን ቃል ነው?

እ.ኤ.አ. በ1770 ገደማ ወደ አገራችን የመጣው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ፣ የወይጦዎች ልሳን በአገሪቱ ከሚነገሩት ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ንጉሡን ለምኖም ሁለት ወይጦዎችን አስጠራ። ሰዎቹ ግን ትሰቀላላችሁ ተብለው እንኳ አንዲት መልስ አልሰጡም። በስቅላት ዛቻ ፊት ቆሞ ቋንቋውን የሚያስመዘግብ ማን ነው?

ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1907 ኦይገን ሚትቮህ ሲጽፍ፣ ሕዝቡ አማርኛ ተናጋሪ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ደግሞ አንድ ወይጦ ለፈረንሳዊው ማርሴል ግሪዮል በሞተው ልሳን ዘፈነለት። ዘፋኙ ራሱ የዘፈኑን ትርጉም አያውቅም፤ የሚለያቸው ጥቂት ቃላት የጉማሬ ብልቶች መጠሪያ ብቻ ነበሩ። አፍ የረሳውን ቢላዋ ጠብቆት ቆየ። ዘፈኑን ግን የመዘገበው የለም።

የስሙም ነገር ከልሳኑ ያላነሰ ያመራምራል። በኦሮሞ መካከል፣ እስከ ኬንያ ድረስ፣ የሚኖሩ አዳኞች «ዋታ» ይባላሉ። የሁለቱ ቃላት ዝምድና እውነት ከሆነ፣ «ወይጦ» አንድ ሕዝብ ራሱን የጠራበት ስም ሳይሆን፣ ባለ እርሻውና ባለ ከብቱ ለአዳኙ ያወጣው የመደብ መጠሪያ ይሆናል። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውንና ሸክላ ሠሪዋን በእጃቸው ሙያ ሲያንቋሽሽ የኖረ ኅብረተሰብ፣ ጉማሬ የሚበላውን ከማዕዱ አርቆ ስሙን ስድብ ማድረጉ አያስደንቅም።

እንግዲህ መምህሩ በክፍል፣ ደራሲው በመድረክ ይህን ስም ከማንሳቱ በፊት፣ ማን ለማን፣ ስለምን እንዳወጣው ሊመረምር ይገባዋል። ብሩስ የጠየቀው በዛቻ፣ ግሪዮል ያዳመጠው በማለፍ ላይ ሳለ ነበር። ልሳኑ ከተናጋሪዎቹ ጋር አልፏል፤ ስለ ስሙ በአክብሮት የሚጠየቀው ባለቤት ግን ዛሬም በጣና ዳር አለ።