እንጨት ሲያልቅ ጭድ ቀረ

አምቦ ከተማ ውስጥ አናጺ ነኝ። ድሮ ጽድና ዝግባ ያየ ሰው ዛሬ ቁም ሣጥን ሲያሠራ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ይመርጣል፤ እሱም ከአዲስ አበባ ተጭኖ ይመጣል። ቺፑድ የተፈጨ እንጨት ከኮላ ጋር ተለውሶ፣ በሙቀት ተጨምቆ የወጣ ጣውላ ነው። ጀርመናዊው ማክስ ሂመልሄበር በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲያስበው ሰጋቱራና ቁርጥራጭ በከንቱ እንዳይቃጠል ብሎ ነበር። እኛ ግን ለቺፑዱ ዛፍ እንቆርጣለን፤ የማይጨው ቺፑድ ፋብሪካ የተተከለው ባሕር ዛፍ እየፈጨ እንዲሠራ ነው። ዛፍ ሳይቆረጥ ከገለባም ጣውላ ይሠራል ስላቸው ደንበኞቼ ይስቃሉ። የሚኖሩበት ቤት ግድግዳ ጭድ እንዳለበት ረስተውታል።

የኛ አካባቢ የእንጨት እጦት የቆየ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ዐሥራ አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላት የእንጦጦና የዙሪያው ጽድ ለቤትና ለማገዶ ተጨፍጭፎ አለቀ፤ ዐፄ ምኒልክም ከተማዋን ትተው ወደ ምዕራብ ለመሄድ ቆረጡ። የመረጡት ቦታ በአምቦ መንገድ ላይ፣ ዛሬ በእጄሬ ወረዳ ያለው አዲስ ዓለም ነው። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ ቤተ መንግሥት ተጀመረ፤ መንገድም ተቀየሰ። በ1880ዎቹ የገባው ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ደርሶ አዲስ አበባን አተረፋት፤ የአዲስ ዓለሙም ግቢ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። ባለፍኩ ቁጥር፣ ያ ዛፍ ባይደርስ ኖሮ ዋና ከተማው ከኛ ዘንድ ነበር እላለሁ።

ባሕር ዛፉ ለጭቃ ቤታችን ግድግዳ የሰጠው ግን ቋሚና ማገር ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ አፈርና የጤፍ ጭድ ነው። አባቴ ጭቃ ሠሪ ነበር፤ ከጊንጪ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ብዙ ቤት መርጓል። ጊንጪ ሜዳ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ጤፍ ያበቅላል እንጂ ግድግዳ አይሆንም፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቀዩ አፈር ከዳገት ይመጣ ነበር። ተቆፍሮ ውኃ ይጠጣል፣ ጭድ ይበተንበታል፣ ደቦ የወጣው ሰው በእግሩ ይረግጠዋል። ከዚያ ይሸፈንና እንደ ሊጥ ይቦካል፤ በየቀኑ እየተከፈተ እንደገና ይረገጣል። ሲደርስ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። አባቴ እፍኝ አንሥቶ ይጎትተዋል፤ ጭዱ እያያያዘው ሳይበጠስ ከተለጠጠ፣ "ደርሷል፣ አምጡ!" ይላል። የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ሳይሰነጠቅ ሁለተኛውን ማንም እንዲመርግ አይፈቅድም ነበር፤ ስንጥቁ ለሚቀጥለው መያዣ ነውና። የመጨረሻው ልስን ከእበትና ከደቃቅ ጭድ ይለወሳል።

ጭቃ ብቻውን ይፈረፈራል፣ ጭድ ብቻውን ይበተናል። የቺፑድ ፋብሪካም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ በጭቃው ቦታ ኮላ፣ በእግሩ ቦታ መጭመቂያ ገባ። ስዊድናዊው ቴዎዶር ዲደን እንዲያውም በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኮላውንም ተወው፤ ገለባ በኃይል ተጨምቆ ወደ 200 ዲግሪ ሲሞቅ በውስጡ ያለው ነገር ራሱ ቀልጦ ያጣብቀዋል። በኛም አገር ልደታ ያለው የሕንፃ ኮሌጅ ከጀርመኑ የባውሃውስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በተጨመቀ ገለባ የሙከራ ቤት ሠርቷል። ገለባን አድቅቆ እንደ ቺፑድ መሥራት ግን ይከብዳል፤ ላዩ ሰም አለው፣ የተለመደውን ኮላ አይቀበልም። የሚይዘው የኮላ ዓይነት ውድ ነው። ውስጡ ያለው አሸዋ መሰል ነገር ደግሞ መጋዝ ያዶለዱማል።

ለኔ ከኮላው የሚብሰው በሬው ነው። የጤፍ ጭድ ትርፍ ሆኖ አያውቅም፤ በበጋ የከብት ቀለብ ነው፣ ጭቃ የሚያቦካም ሰው ከገበሬው ለምኖ ወይም ገዝቶ ነው የሚወስደው። ፋብሪካ ጊንጪ ላይ ቆሞ ጭድ ልሰብስብ ቢል ዋጋው ወዲያው ይሰቀላል፣ የሚራበውም ከብቱ ነው። እኔ ብጠየቅ የበቆሎ አገር የሆነውን ባኮን አሳይ ነበር። እዚያ ያለው የምርምር ማዕከል ያወጣው ቢኤች 660 የሚባለው በቆሎ ከሰው ቁመት በላይ ያድጋል፤ አገዳው ወፍራም ነው። ቅጠሉን ከብት ይበላዋል፤ የደረቀው ግንድና ቆረቆንዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ምድጃ ውስጥ ይገባል። ከዚያ የተጨመቀ ጣውላ የሚያመጣልኝ ካለ የመጀመሪያውን ቁም ሣጥን ለራሴ ቤት እሠራበታለሁ፤ ብሎን ይይዝ እንደሆነም ያኔ አየዋለሁ።