«ናይስ»፣ ጨዋ እና ደስ የሚል

ከዓመታት በፊት አንድ የድጋፍ ደብዳቤ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስ ተሰጠኝ። ጸሐፊው የተማሪውን ውጤትና ትጋት ከዘረዘሩ በኋላ ለእሳቸው ትልቁ የሆነውን ቃል መጨረሻ ላይ አኑረውታል፤ «ከሁሉም በላይ ጨዋ ነው» ይላል። መዝገበ ቃላት ሳልከፍት «ናይስ» ብዬ አለፍኩት። ለማረም መልሼ ሳነበው ግን ተማሪው አንሶ ታየኝ። አማርኛው አስተዳደጉን፣ ለታላቅ ብድግ ማለቱን፣ አንደበቱን መግራቱን፣ ወላጆቹንም ጭምር በአንድ ቃል ይዞ ነበር። እንግሊዝኛዬ «ክፉ አይደለም» ከማለት ብዙ አልራቀም። እንዲህ ባለ ደብዳቤ ውስጥ «ናይስ»ን የሚያገኝ እንግሊዝኛ ዐዋቂ አንባቢ፣ ስለ ልጁ ሌላ የሚባል ነገር ጠፍቶ ይሆን ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም።

ስሕተቱ የትርጉም ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ሌላ ቃል ይታረም ነበር። ችግሩ ክብደት ላይ ነው። «ናይስ» በእንግሊዝኛ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ቀላል በመሆኑ ነው፤ ለማንም፣ በማንኛውም ሰዓት፣ ብዙ ሳያስከፍል ይሰጣል። እኛ አቻ ብለን የምንደረድራቸው ጥሩ፣ ደግ፣ መልካም፣ ጨዋ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሸክም አላቸው። ይህን ለማየት ቃሉ የመጣበትን መንገድ መከተል ይጠቅማል፤ መንገዱም ጠማማ ነው።

መነሻው ላቲን ነው። «ኔስኪዩስ» ማለት የማያውቅ ማለት ነው፤ «ስኪሬ» ከሚለው ማወቅን ከሚያመለክት ግስና ከአፍራሽ ቅጥያ የተሠራ። ከላቲን ወደ ጥንታዊ ፈረንሳይኛ ሲገባ ሞኝ፣ ገልጃጃ፣ ደካማ የሚል ትርጉም ያዘ። ወደ እንግሊዝኛ የተሻገረው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ14ኛው መባቻ ገደማ ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፤ ገጣሚው ቾሰር በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ ቃሉ ገና ስድብ ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት መቶ ዓመታት ልቅ፣ ዓይን አፋር፣ ቅምጥል፣ መራጭ፣ ስስ፣ ጥቃቅኑን የሚለይ ወደሚሉ ትርጉሞች ሁሉ ተበተነ። ሰንሰለቱን መገመት ይቻላል። የማያውቅ ሰው ያመነታል፤ የሚያመነታ ዓይን አፋር ይመስላል፤ ዓይን አፋሩ ቁጥብ ይባላል፤ ቁጥቡ መራጭ ይሆናል፤ መራጩ ደግሞ የረቀቀ ጣዕም አለው ተብሎ ይከበራል። ይሁንና ትርጉሞቹ ተራ ጠብቀው አንዱ ሲወጣ ሌላው አልገባም፤ ለረጅም ጊዜ አብረው ይኖሩ ስለነበር በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጽሑፎች ውስጥ ደራሲው የትኛውን እንዳሰበ መለየት ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም አዳጋች ነው። በሼክስፒር «ሮሜዮና ጁልየት» ውስጥ መነኩሴው ሎሬንስ ስላልደረሰችው ደብዳቤ ሲናገር «ናይስ» አልነበረችም ይላል። ደስ አታሰኝም ማለቱ አይደለም፤ ተራ ነገር አልያዘችም፣ ከባድ ጉዳይ የተጻፈባት ናት ማለቱ ነው። የዛሬ ተማሪ በዛሬው ትርጉም ካነበበው የሁለቱ ወጣቶች ሞት የሚንጠለጠልበትን ቦታ ይስተዋል።

ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 ዝነኛ መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም በቀዳሚነት ያስቀመጠው ፍቺ ጥቃቅኑን ሳይቀር አጥርቶ መለየትን የሚመለከተው ነው። «ደስ የሚያሰኝ» የሚለው ትርጉም ጎልቶ የወጣው ከዚያ በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው፤ ለሰው ሲነገር «ደግ፣ አሳቢ» ማለት የሆነው ደግሞ በ19ኛው። በዚህ ሽግግር መካከል ደራሲዋ ጄን ኦስተን ቆማ ታዝባለች። በ1817 መጨረሻ ለገበያ በዋለው ልቦለዷ «ኖርዛንገር አቢ» ውስጥ ካትሪን ሞርላንድ የአን ራድክሊፍን «የዩዶልፎ ምስጢሮች» በዚህ ቃል ስታሞግስ፣ ሄንሪ ቲልኒ ስለ መጽሐፉ ጥራዝ የተናገረች አስመስሎ ያሾፍባታል። ቃሉ ለአየሩም፣ ለሽርሽሩም፣ ለሴቶቹም፣ ለሁሉም ነገር መዋሉን እየቆጠረ ይቀልዳል። አንባቢ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው ግን ከዚያ ቀጥሎ ያለውን ነው። እኅቱ ኤሊኖር መልሳ ስትወርፈው ራሱን ያንኑ ቃል በአሮጌው ትርጉሙ፣ ከልክ በላይ መራጭ ለማለት፣ ትጠቀምበታለች። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱ ትርጉሞች ይጋጫሉ፤ ያሸነፈው የካትሪን ሆነ። የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ፋውለር በ1926 የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገቡ ስለዚሁ ቃል መዳከም ሲያማርር ነገሩ ካለቀለት መቶ ዓመት አልፎት ነበር።

በነገራችን ላይ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ያለችው ኒስ ከዚህ ሁሉ የለችበትም። ስሟ ድልን ከሚያመለክተው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በላቲን ፊደል ሁለቱ አንድ ሆነው ሲጻፉ በእኛ ፊደል ግን ኒስና ናይስ አይምታቱም።

የሞኝ ስድብ የነበረ ቃል ወደ ጨዋነት መውጣቱ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ጨዋ» ራሱ እንዲያ ያለ ታሪክ አለው። ብዙ ሊቃውንት ቃሉን ከግእዙ «ፄወወ» (ማረከ) እና «ፄዋ» (ምርኮ) ጋር ያያይዙታል። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የሚባሉት የንጉሥ ጭፍሮች ነበሩ፤ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብም (1434–1468) በየጠረፉና በየአገሩ አስፍረዋቸዋል። ርስትና ማዕረግ ሲከተል ቃሉ ከባለ መሬትነት፣ ከነፃነትና ከጥሩ ዘር ጋር ተቆራኘ፤ ዛሬ ደግሞ ሥርዓት ያለው፣ በደንብ ያደገ ሰው ማለት ነው። ይህ አንዱ መስመር ነው። በቤተ ክህነት ግቢ በሌላ መስመር ተጉዟል። እዚያ ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሌለው ተርታ ምእመን ነው፤ ደብተራው «እሱ ጨዋ ነው» ሲል ማመስገኑ አይደለም። እንግሊዝኛው አለማወቅን ወደ ደግነት ለማድረስ አምስት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ አማርኛው ሁለቱን በአንድ ጊዜ፣ እንደ ተናጋሪው ደጅ እየለየ ይዟቸው ይኖራል።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደም አለን። የከተማ ልጆች «አሪፍ» ከዐረብኛው «ዓሪፍ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ዐዋቂ ነው። አንዱ ቋንቋ ከማያውቀው፣ ሌላው ከሚያውቀው ተነሥተው አንድ ጠረጴዛ ላይ ያለች አንድ ስኒ ቡና ለማሞገስ መገናኘታቸው ያስቀኛል።

ይሁን እንጂ የቃል ታሪክ አጠቃቀምን አያስተምርም። ዛሬ «ናይስ» ምን ይሠራል ለሚለው በ1981 የታተመው የጆአን ማኔስና የኔሳ ዎልፍሰን ጥናት አሁንም ጥሩ መነሻ ነው። ሁለቱ አሜሪካዊያን ሰዎች በዕለት ተዕለት ንግግር እርስ በርስ ሲሞጋገሱ የተነገሩ 686 ውዳሴዎችን ሰበሰቡ። ግኝታቸው ቀልብ ይስባል። በቅጽል ከተነገሩት ውስጥ 22.9 በመቶው በ«ናይስ»፣ 19.6 በመቶው በ«ጉድ» ነው፤ ቢዩቲፉል፣ ፕሪቲና ግሬት ሲጨመሩ አምስት ቃላት ብቻ ሁለት ሦስተኛውን ይሸፍናሉ። ከጠቅላላው ከግማሽ በላይ የሚሆነው ደግሞ በአንድ የዓረፍተ ነገር ቅርጽ የተባለ ነው፤ እገሌ ነገር እንዲህ ነው፣ ወይም እንዲህ ይመስላል። የውዳሴ ንግግር ፈጠራ ሳይሆን ቀመር ነው ማለት ነው። ተናጋሪው ሹራቡን እየመዘነ አይደለም፤ ከሹራቡ ባለቤት ጋር ያለውን ቅርበት እያደሰ ነው። ለዚህ ሥራ ከባድ ቃል ይጎዳል። ለእያንዳንዱ ሹራብ «ድንቅ» የሚል ሰው ወይ ቀላጅ ወይ ጉዳይ ያለው ይመስላል። ስለዚህ ተማሪዎች በድርሰታቸው «ናይስ» እንዳይጽፉ የሚከለክሉ መምህራን በድርሰቱ ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በንግግሩ ግን ተማሪውን ከአንድ ማኅበራዊ መሣሪያ ያራቁታል።

አማርኛ ያንን ሥራ በምን ይሠራዋል? እዚህ ላይ ቅጽል ለቅጽል መፈለጋችን ራሱ ያሳስተናል። አማርኛ ቀላል ውዳሴን በአብዛኛው የሚሰጠው በግስ ነው። አዲስ ልብስ ለለበሰ ሰው «ጥሩ ሸሚዝ ነው» ማለት ይቻላል፤ የሚባለው ግን «አምሮብሃል» ነው። ወጡ «ይጣፍጣል»፤ ቤቱ «ደስ ይላል»፤ ለትውውቅ እንግሊዙ በ«ናይስ» ሲጀምር እኛ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል» እንላለን። ልዩነቱ ከሰዋስው ያልፋል። እንግሊዝኛው ባሕርዩን ሸሚዙ ላይ ይለጥፋል፤ «አምሮብሃል» ግን ሸሚዙንና ለባሹን አንድ ላይ ይይዛል። «ደስ ይላል»ም ነገሩ በሰሚው ወይም በተመልካቹ ላይ ያደረገውን ነው የሚነግረን። «ደስ የሚል» በቅጽል ቦታ ቢቆምም ውስጡ ግስ ነው፤ ለ«ናይስ» ከሁሉ የሚቀርበውም ይኸው ይመስለኛል። «ጥሩ» ግን «ጠራ» ከሚለው ግስ፣ ከግእዙም «ጽሩይ» ጋር ዘመድ ነው፤ ጥሩ ወርቅ ስንል ዛሬም ያልተደባለቀ ማለታችን ነው። ፍርድ ያለበት ቃል ነው፤ ለጨዋታ ማሟሻ አይቀልም።

ሌላው የተዘነጋ አቻ በቅጽል ሳይሆን በቃል ቅርጽ ውስጥ ተደብቋል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሻዩ እንደሚወደው ሲሞቅለት «ናይስ ኤንድ ዎርም» ይላል፤ «ናይስ» እዚያ ስለ ደግነት የሚለው ነገር የለም፤ ሙቀቱ ልክ መሆኑን ነው የሚናገረው። እኛ «ሞቅ ያለ ሻይ» እንላለን። «ትኩስ» እና «ሞቅ ያለ»፣ «ቀዝቃዛ» እና «ቀዝቀዝ ያለ» አንድ አይደሉም፤ ሁለተኞቹ ውስጥ የልክ መሆንና የመወደድ ስሜት አለ። ይህን «ጥሩ እና ሞቃት» ብሎ የተረጎመ ሰው ቃላቱን እንጂ ሻዩን አልቀመሰም።

ወጥመዶቹ ሦስት ያህል ናቸው፤ በሁለቱ ላይ አልቆይም። በመጀመሪያ ምጸት አለ። ስኒ ለሰበረ ሰው በረዘመ ድምፅ የሚሰነዘር «ናይስ» የእኛው «ጎሽ!» ነው፤ ዜማውን የሰማ አይሳሳትም። ቀጥሎ አሉታው አለ። ለሕፃን ያ ነገር «ናይስ» አይደለም ሲባል ቃሉ ለስላሳ ቢመስልም ተግሣጽ ነው፤ አማርኛው «ነውር ነው» ይለዋል፤ ምንም እንኳ «ነውር» ከዚያ ይልቅ የሚከብድ ቢሆን።

ሦስተኛው ለምሁራን ነው። በእንግሊዝኛ የሕግና የፍልስፍና ጽሑፍ ውስጥ የጆንሰን ዘመን ትርጉም አልሞተም። ዳኛ አንድን ጥያቄ «ናይስ» ሲለው አላሞገሰውም፤ መልሱ በቀጭን መስመር ላይ የሚወሰን፣ ጥንቃቄ የሚሻ ነው ማለቱ ነው። በሁለት ፅንሰ ሐሳቦች መካከል ያለ «ናይስ» ልዩነትም እንደዚሁ ስስ ልዩነት ነው። «ናይሲቲ» የሚለው ስምም ረቂቅ ዝርዝርን ያመለክታል፤ ደግነትን የሚያመለክተው «ናይስነስ» ነው። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ የሕግ ተማሪዎቻችን ይህን አጠቃቀም በየመጽሐፉ ያገኙታል፤ «ጥሩ ጥያቄ» ብለው ካነበቡት ዳኛው ጠበቃውን ያመሰገነው ይመስላቸዋል። ደግነቱ አማርኛ እዚህ ላይ የተዘጋጀ ቃል አለው። «ረቂቅ» ከአሮጌው «ናይስ» ጋር ልክ ለልክ ይገጥማል፤ እንዲያውም በመንፈሳዊና በፍልስፍናዊ ታሪኩ ይበልጠዋል።

አማርኛም ቀላል ቅጽል ሳያስፈልገው አልቀረም፤ አሁን እያበጀ ነው። «ቆንጆ» የመልክ ቃል ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ቆንጆ ሐሳብ፣ ቆንጆ ሹፌር፣ ቆንጆ ሽሮ፣ ቆንጆ ስብሰባ ይባላል፤ ሹፌሩ መልከ መልካም መሆኑን ማንም አልተናገረም። የቋንቋ ቀናኢዎች ሲቆጡ እሰማለሁ። ሄንሪ ቲልኒም እንደዚያ ነበር የተቆጣው፤ እሱም ቢሆን እየቀለደ።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። «ናይስ»ን ሰርዤ በደንብ ያደገ የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ሞከርኩ፤ የአሮጊት ሳሎን ሸተተኝ። ሥርዓት አክባሪ የሚለውን ሞከርኩ፤ ልጁ ወታደር መሰለ። መጨረሻ ላይ ለጸሐፊው ስልክ ደወልኩና «ጋሼ፣ ጨዋ ሲሉ ምን ለማለት ፈልገው ነው?» አልኳቸው። «ምነው ልጄ፣ ጨዋ ማለት ጠፋህ?» ብለው ሳቁ። ትንሽ ዝም አሉና «በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ የሌለ ሰው ሲያማ ሰምቼው አላውቅም» አሉኝ። ይህንኑ ዓረፍተ ነገር እንዳለ ተረጎምኩት።