ማብሪያና ቁልፍ፦ የሁለት ስያሜዎች ታሪክ

«ማብሪያ ማጥፊያ» የተባለው ጥምር ስም «አበራ» እና «አጠፋ» ከሚሉት ግሦች የተገኘ ነው። ስያሜው የተመሠረተው በዕቃው ቅርጽ ሳይሆን በሥራው ላይ ነው፤ ለግድግዳውም መሣሪያ በእጅጉ ይስማማዋል። ጆን ሄንሪ ሆምዝ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1884 በኒውካስል የሠራው ማብሪያ ማጥፊያ የብረት ጫፎቹ ፈጥነው እንዲላቀቁ በማድረግ የእሳት ብልጭታን የቀነሰ ነበር። በዚህ ዓይነቱ መሣሪያ የመብራቱ ኤሌክትሪክ በራሱ በዕቃው ውስጥ ያልፋል፤ ጫፎቹ ሲገናኙ መብራቱ ይበራል፣ ሲለያዩም ይጠፋል።

ይህን ዝምድና የለወጠው ማይክሮኮንትሮለር ነው። ቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ቲኤምኤስ 1000 የተባለውን እ.ኤ.አ. በ1974፣ ኢንቴል ደግሞ 8048 የተባለውን በ1976 ለገበያ ሲያቀርቡ፣ ማስሊያው፣ ማኅደረ ትውስታው፣ መግቢያውና መውጫው በአንድ ቺፕ ላይ ተጠቃለሉ። በዚህ አሠራር በጣት የሚጫኑት ዕቃ መልእክተኛ ብቻ ነው፤ የማብራትና የማጥፋት ሥልጣን የፕሮግራሙ ነው። የብረት ጫፎቹ ሲነካኩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ስለሚነጥሩ፣ ፕሮግራሙ ካልታገሠ አንዱን ግፊት እንደ ብዙ ይቆጥረዋል። እንግዲህ ይህን ዕቃ «ማብሪያ» ማለት የሌለውን ሥልጣን መስጠት ይሆናል።

«መጫኛ» እንዳይባል ቃሉ የጭነት ማሰሪያ ጠፍር መጠሪያ ነው። «ቁልፍ» ግን «ቆለፈ» ከሚለው ግሥ ወጥቶ ከበር ወደ ልብስ፣ ከዚያም ወደ ስልክና ወደ ካልኩሌተር ተሻግሯል፤ ሕዝቡም «ቁልፉን ተጫን» ማለትን ለምዶታል። የተለመደውን ትቶ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም።

ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻው የ«መክፈት» እና የ«መዝጋት» ጉዳይ ነው። በዘልማድ «ራዲዮ ክፈት» ማለት እንዲሠራ አድርግ ማለት ነው፤ በኤሌክትሪክ ትምህርት ግን ክፍት ዑደት ኤሌክትሪክ የማያልፍበት፣ ዝግ ዑደት የሚያልፍበት ነው። በዚህ ላይ፣ የቺፑ መግቢያ በሬዚስተር ከኀይል ምንጩ ጋር፣ ቁልፉም ከምድር ጋር ሲያያዝ፣ ቁልፉ ሲጫን የሚነበበው 1 ሳይሆን 0 ነው። ሁለቱን አነጋገሮች የቀላቀለ ተማሪ መብራቱ ሊጠፋ ሲገባው የሚያበራ ፕሮግራም ይጽፋል።

ስለዚህ ለጣት ሥራ «መጫን» እና «መልቀቅ»፣ ለዑደቱ «ዝግ» እና «ክፍት»፣ ለመብራቱ «መብራት» እና «መጥፋት» ተለይተው ቢመደቡ፣ ሦስቱ ነገሮች እንደ አሠራራቸው በቋንቋውም ይለያሉ።