በገዛ ክንድ መቆም
(ስለ ብሬክ ዳንስ ታሪክ)

ለጉዳይ ናይሮቢ የሄደ ሰው ከጊጊሪው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ አጠገብ ያለውን የሩንዳን ሠፈር ሳያየው አይቀርም፤ አጥሩ ረጅም፣ መንገዱ ጭር ያለ የባለጸጎች ሠፈር ነው። ባለፈው ጉዞዬ እዚያ ከአንድ አጥር ሥር ሁለት ወጣቶች ካርቶን ዘርግተው፣ አንደኛው በአናቱ ተተክሎ እንደ እንዝርት ሲሾር አየሁ። “ብሬክ ዳንስ ነው” አሉኝ። ለመሆኑ ይህ ጭፈራ ከየት መጣ? ጉልበቱስ ምን ዓይነት ጉልበት ነው?

ስሙን ሲሰማ የማታቱ ፍሬን ትዝ የሚለው አይጠፋም። ነገሩ ሌላ ነው። “ብሬክ” የሚባለው በሸክላው ላይ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን የሚቀርበት ክፍል ነው። በ12 ዓመቱ ከጃማይካ ወደ ኒውዮርክ የመጣው ክላይቭ ካምቤል፣ በቅጽል ስሙ ኩል ኸርክ፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 ብሮንክስ ውስጥ በእኅቱ ድግስ ላይ ሸክላ አጫወተ። ያችን አጭር ክፍል በሁለት ሸክላዎች እያፈራረቀ ማስረዘሙም ስም አተረፈለት። በከበሮው ላይ የሚጨፍሩት የድኻ ልጆች፣ ጥቁሮችና የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች ነበሩ። አዳራሽ አልነበራቸውም፤ ወለልና ካርቶን ግን ነበራቸው። በ1977 የተመሠረተው ሮክ ስቴዲ ክሩ በ1983 “ፍላሽዳንስ” በተባለው ፊልም ላይ ታየ፤ ጭፈራውም በዓለም ተዛመተ።

ከባዶቹ እንቅስቃሴዎች “የኃይል” ይባላሉ። በ“ንፋስ ወፍጮ” ጨፋሪው እግሮቹን ከፍቶ ከትከሻ ወደ ጀርባ፣ ከጀርባ ወደ ደረት እየተንከባለለ ይዞራል። ከጂምናስቲክ በተወሰደው “ፍሌር” የተከፈቱት እግሮች መሬት ሳይነኩ ሲዞሩ ሁለቱ እጆች በየተራ ሰውነቱን ይሸከማሉ። “ኤርፍሌር” ደግሞ ተዘቅዝቆ ከእጅ ወደ እጅ መዝለል ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው በአንድ እጁ ሲያርፍ 60ውን ኪሎ፣ ከመውደቁ ፍጥነት የተነሣም ከዚያ የበለጠውን፣ የእጁ አንጓ ይችላል። ስለዚህ ኩንታል የሚያነሣ ጡንቻ ብቻውን አይበቃም፤ ትከሻ መጽናት፣ ሆድና ወገብ አለመላላት፣ እጅም በሰዓቱ መድረስ አለበት። የሩንዳው ወጣት በእጁ መቆምን ብቻ ስድስት ወር እንደተለማመደ አጫውቶኛል።

ይህ የመንገድ ጭፈራ በ2024 ፓሪስ ላይ ኦሊምፒክ ገባ። በስደተኞች ቡድን ስም የቀረበችው በ2021 ከአገሯ የሸሸችው የካቡሏ ማኒዣ ታላሽ ነበረች። በጨዋታው መካከል የአፍጋኒስታን ሴቶች ነጻ ይውጡ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ካባ ዘረጋች። የፖለቲካ መፈክር በመድረኩ ክልክል ነውና ከውድድሩ ተሰረዘች። ግጥሚያውንም አላሸነፈችም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጨፋሪዎች ሁሉ ስሟን የያዝኩት የእሷን ነው።

በመጠለያችን የሚጎድለን ብዙ ነው፤ ካርቶንና መሬት ግን ሞልቷል። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆች ተዘቅዝቀው ስታዩ በቁጣ አትበትኗቸው። አንጓና አንገት እንዳይጎዳ፣ ከመሽከርከር በፊት በሁለት እጅ መቆምን ይልመዱ በሏቸው።